የሚዳቋ የሰርግ ቅቤ

ኧረ ጸጥ በሉ! እናንተ ጎልማሶችም፣ ለልጆቹ ብቻ መሰላችሁ?

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ ሲያወራ፣ ሣሯ እስከ ጉልበት በሚደርስ አንዲት አገር፣ እመት ሚዳቋ ልጇን ልትድር ተነሣች። ፋሲካ ገና ማለፉ ነበር። አማቾቿ ኩሩ ድኩሎች ናቸው፤ የቀረበላቸው ካላማራቸው ሙሽሪትን ጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ የጨጨብሳው ቅቤ እንቅልፍ ነሳት።

ጎረቤቷ ላም ዳለቻ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እሜቴ፣ የኔን ውሰጂ። ትናንት የተናጠ ነው፣ ዋጋውም አይከብድሽም» አለቻት።

«እንዴ! ለአማቾቼ የጎረቤት ቅቤ? ምን ይሉኛል!»

አይ ሚዳቋ! ላሚቱ በየቀኑ ደጇ ላይ ስትግጥ እያየች ናቀቻት።

ወዲያው ጦጣ ቅል ሙሉ ቅቤ ተሸክማ መጣች። «ባሕር የተሻገረ፣ ዋጋው የከበረ!»

«ላሟ የታለች?»

«ላሟማ ባሕር ማዶ ናት! ባሕር የተሻገረ፣ ዋጋው የከበረ!»

ሚዳቋ የዓመት ገብሷን አስረክባ ቅሉን ወሰደች። ይባስ ብላ፣ በነጋዴዋ ልትኮራ ጦጣን ሰርግ ጠራቻት።

የሰርጉ ዕለት የድኩሎቹ ሽማግሌ አባ ድኩላ ጦጣን፣ «እሜቴ፣ በኛ አገር ያመጣ አስቀድሞ ይቀምሳል። በይ ቅመሺልን» አሏት።

ጦጣ ቅሉን ገፋ አደረገች። «ውይ አባቴ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ።»

ዳስ ሙሉ እንግዳ በሳቅ ፍርስ አለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ግልገል እንኳ ያውቃል!

አባ ድኩላ ግን አልሳቁም። «እሳት ላይ ጣሉት» አሉ። ሲጣል የተቀላቀለበት ሙዝ አረረ፣ ሰሙ ሸተተ። ጦጣ ልትፈረጥጥ ስትል እንግዶቹ ጅራቷን ይዘው ገብሱን አስመለሷት፤ ቅሏን አንገቷ ላይ አንጠልጥለውም አባረሯት።

ይሁን እንጂ ድኩሎቹም ሊሄዱ ተነሡ። ሙሽሪት አለቀሰች። ሚዳቋ እያፈረች ወደ አጥሩ ሮጠች።

«ዳለቻዬ፣ በሞቴ ይቅር በይኝ! ልጄ ጉድ ሆነች!»

«ኧረ ተይ፣ ልጅሽ ልጄ አይደለች? ነይ!» ብላ ዳለቻ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ዳስ ገባች። ማንም ሳይጠይቃት በድኩሎቹ ፊት ቀመሰች።

ጨጨብሳው ሲቀርብ ድኩሎቹ ሰኮናቸውን ላሱ፤ ድገሙን አሉ። ሙሽሪትም እንባዋን ጠረገች።

«እንዲህ ያለ ቅቤ ከየትኛው ባሕር ማዶ መጣ?» አሉ አባ ድኩላ እየቀለዱ።

ሚዳቋ ቀና ብላ፣ «ባሕር ምን ያደርግልናል አባቴ! ከአጥሬ ማዶ ነው!» አለች። ዳሱ በእልልታ ቀለጠ።

እኔም ስተርከው ደረቴ ይነፋል። እንግዲህ ልጆቼ፣ ያገራችሁን አትናቁ፤

ላሟን ያላየኸውን ቅቤ፣ እንኳን ልትጎርሰው አናትህም ላይ አትቀባው።