የቀኛዝማች ድልነሳው ኢምንት

ቀኛዝማች ድልነሳው የሚባሉ ኩሩ ዳኛ፣ የአንዲት ባልቴት ፍየል ገብሴን በላች ብለው ከችሎቱ አጠገብ አሰሩባት። ባልቴቷም ልታስፈታ ችሎት ቆመች።

«የበላችው እኮ ኢምንት ነው፣ ጌታዬ» አለች።

«ኢምንትስ አንቺ!» አሉ ቀኛዝማች አንገታቸውን እየፎከቱ። «እስቲ ኢምንት ምን እንደሆነ ንገሪኝ። ካወቅሽ ፍየልሽን ትወስጃለሽ፤ ካቃተሽ ለእራቴ ትታረዳለች።»

ባልቴቷ ከጠዋት ጀምሮ ሲያኩ አይታቸዋለች።

«ኢምንትማ እጀ ጠባብዎ ውስጥ የገባችው ቁንጫ ናት፣ ጌታዬ። አገሩ ሁሉ አቤት ሲልዎ ንቅንቅ የማይሉትን ሰውዬ፣ እሷ ብቻዋን ዛሬ ሦስት ጊዜ ከወንበርዎ አዘለለችዎት።»

ችሎተኛው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ቀኛዝማች ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እንደገና ዘለሉ።

«አራት!» አለች ባልቴቷ፣ የፍየሏን ገመድ እየፈታች።