ቢምረው እና የገናው ድንጋይ

አታምኑኝም። ይህን ነገር ካመናችሁኝ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ደረቴ ላይ ይቁም።

ድሮ፣ ጅብ ሳቅ ሳይማር፣ ሰርዶ ሜዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ቢምረው የሚባል ድሃ ነበር። የሰው በሬ ለምኖ ያርሳል። ከድህነቱ የተነሣ አይጥ እንኳ ቤቱ ስትገባ ስንቋን ይዛ ነበር። ግን ሚስት ነበረችው። ይታይሽ ትባላለች፤ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። ልጅ አልወለዱም እንጂ ፍቅራቸው ለጎረቤት የሚተርፍ ነበር።

በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላል። የጨዋታው ኳስ ሩሯ በዱላ እየተመታች ሜዳው ሲጋል፣ አሽከሩ ጌታውን ይሰድባል፣ ተማሪው መምሩን ይሰድባል፣ ማንም አይቀየምም። በአንዱ ገና ቢምረው ጠላ ቀማመሰ። የሚሰድበው ጌታ ቢያጣ ለተጫዋቾቹ ጠላ ይዛ ወደመጣችው ሚስቱ ዞረ፦

«አምስት ክረምት ዘራሁ በይታይሽ ማሳ፤
እንኳንስ ቡቃያ አረም አልተነሣ።»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ይታይሽ እንስራውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ነጠላዋን አጣፋች። ወንዙን ተሻግራ እናቷ ቤት ገባች። ጌታ አይቆጣም ተባለ እንጂ፣ ስለ ሚስት ማንም ምንም አላለም ነበር።

ቢምረው ስካሩ ሲለቀው አለቀሰ። የንስሐ አባቱ መምሬ ዘውገ፣ «መጀመሪያ ከእሷ ታረቅ፤ ከዚያ ወደ ቁርባኑ ትመጣለህ» አሉት። እንግዲህ ሚስቱንም ቅዱስ ቁርባኑንም በአንድ ግጥም አጣ።

በሚቀጥለው ገና ሽማግሌ ላከ። የይታይሽ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ከልጇ ይልቅ የመረረች ሴት ነበረች፤ ኮምጣጤ እሷን አይቶ ፊቱን ያጨማድዳል። ሽማግሌዎቹ ደጇ ተቀምጠው ተቀምጠው ጢማቸው ላይ ሽበት ወጣ፤ ሲመጡ ጥቁር ነበር። በመጨረሻ ብቅ አለችና፣

«ማሳው ጦሙን ያድራል በሉት» አለች።

ቢምረው ያን ገና እሳት ሳያነድ ዋለ።

በሁለተኛው ገና ራሱ ሄደ። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የበደለው ሰው እግር ስር ይወድቃል፤ ያ ሰው «ጣለው» ካለ እርቅ ሆነ። ብልጥ ሰው ጠጠር ቢጤ ይመርጣል። ቢምረው የመረጠው ድንጋይ ጥጃ ያክል ነበር። አራት ሰው አሸከመው። ደጇ ተንበረከከ። ይታይሽ ወጥታ አየችው። ተመልሳ በሩን ዘጋች።

ሌላው ቢሆን ዞር ብሎ ይጥለዋል። ቢምረው ግን «ጣለው ያለኝ የለም» ብሎ ከነድንጋዩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከነድንጋዩ አረሰ። ከነድንጋዩ ተኛ። ክረምት መጣ፣ ድንጋዩ ላይ ሣር በቀለ፤ የጎረቤት ፍየሎች እየተከተሉ ጋጡት። አንገቱ ጎብጦ ሰማይ ካየ ዓመት ሆነው። በየበዓሉ ሌላው ሲቆርብ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ይቆማል። መምሬ ዘውገ አዝነው፣

«አውርደው ልጄ፤ እግዜር አይቶልሃል» አሉት።

«እግዜርስ አየ፣ አባቴ። እሷ ናት ያላየችልኝ።»

በሦስተኛው ገና ተስፋውን ጨርሶ ነበር። ሞቴ ካልቀረ የሳቁብኝ ቦታ ልሙት ብሎ ከነድንጋዩ ወደ ሜዳው ወረደ። ይታይሽና እናቷም ለዘመዶቻቸው ጠላ ይዘው ቆመዋል። ዱላው ሁሉ ቀጥ አለ። ቢምረው ተንበረከከና ባለቀ ድምፅ ገጠመ፦

«ማሳውስ ለም ነበር፣ ምን ይፈረድበታል፤
ዘሪው ነው ምስኪኑ ዘር የነቀዘበት።»

በዚያ ዘመን ይህን በአደባባይ ከሚናገር ወንድ መቃብሩን የሚቆፍር ይበዛ ነበር። ማንም አልሳቀም። ግጥሙ ቤት አልመታም፤ እሱንም ማንም አላረመም። የይታይሽ እንባ ኩልል አለ። አፏን ከፈተች፤ የሦስት ዓመት ቂም ጉሮሮዋ ላይ ተጋድሟል፤ ዘጋችው። እንደገና ከፈተች፤ ዘጋችው። የቢምረው ጉልበት መሬቱ ውስጥ እየሰመጠ ሄደ፤ እስከ ወገቡ ገባ ይላሉ።

ዛሬም በሰርዶ ሜዳ ሩሯ ሳትመታ በፊት የተጣላ ሁሉ ይታረቃል። ይቅርታ የነፈገ ካለ ሽማግሌው አንዲት ቃል ይጥልበታል፤ ኩርፊያው በሳቅ ይፈርሳል። ይታይሽንም ያን ቀን ከነእንባዋ ያሳቃት፣ «ጣለው» ያስባላትና እስከ እርጅና ከቢምረው ጎን ያቆረባት ይህችው ቃል ናት። ቃሏን የተናገረችውም ሌላ ሰው አይደለችም፤ ያች መራራ ወይዘሮ ደብሪቱ ናት። ዝምታው ሲያንቃት እንስራዋን ቁጭ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ባልሽስ አጥፍቷል፤ ድንጋዩ ምን አጠፋ?»