የገብስማ ጠያቂዎች

አንድ ጊዜ፣ ዶሮዎችና አህያ በአንድ ግቢ ተዋደው በሚኖሩበት አገር፣ ሸለምጥማጥ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባና ገብስማ የምትባለውን ዶሮ ክንፏ ሥር ዘነጠላት። አህያ ደርሳ የኋላ እግሯን ብታቀምሰው እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ። ገብስማ ነፍሷ ተረፈ፤ ቁስሏ ግን ክፉ ነበር።

አህያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋ ይዛ ደሙን አቆመችው። ለብ ባለ የጨው ውሃም አጠበችላት። ከዚያ «አሁን እንቅብ ይደፋባትና ብቻዋን ትረፍ። ያንን ቀዳዳም ዛሬውኑ ድፈኑት» አለች።

«ብቻዋን?» አውራ ዶሮ ላባው ቆመ። «እትዬ አህያ፣ ምን ነካዎት? የታመመ ካልተጠየቀማ አገር ምን ይለናል! ቀዳዳው ነገ ይደርሳል፤ ጥየቃው ይቅደም!»

ወዲያው ግቢው በሙሉ ተሰለፈ። እናንተዬ፣ ዶሮ ደግሞ ቀይ ነገር ካየች አለቀላት፤ ምንቃሯን ይበላታል።

«እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ!» ትላለች አንዷ፤ ቁስሉን ነቆር!

«ኧረ አመመኝ!»

«ውይ፣ በሞትኩት! ምንቃሬ አምልጦኝ ነው።»

ቀጣይዋም «አይዞሽ፣ ያልፋል!» ብላ ነቆር! አውራ ዶሮ ራሱ ነቆር ነቆር አድርጎ ሲያበቃ በሐዘን አንገቱን ነቀነቀ። «ይህን ሁሉ ጠያቂ አግኝታ እንዴት ይብስባታል? ወጌሻ ጥሩ!» ብሎ ጮኸ።

«አቤት!» አለ ቀበሮ ከአጥር ውጭ። «ወጌሻው እኔ፣ ረዳቴ ደግሞ አያ ጅቦ።»

«ሰብታለች ወይ?» አለ ጅብ።

ቀበሮ እግሩን ረገጠው። «ምግብ ትበላለች ወይ ማለቱ ነው። በሉ በሩን ክፈቱና አውጡልን፤ መድኃኒቷ ንጹሕ አየር ነው።»

«እንዳትከፍት!» ገብስማ እንደ ምንም ጮኸች። «ጠያቂ ገደለኝ፤ ደግሞ ወጌሻ ይጨርሰኝ?»

አህያማ የጅብን ድምፅ ከሰማች ወዲህ ጭድ ውስጥ ገብታ የሚታየው ጆሮዋ ብቻ ነው። አውራ ዶሮ ግን እንግዳ ደጅ ማቆም ነውር ነው ብሎ ወደ በሩ ሮጠ። እሱ እስኪከፍት ጅብ መጠበቅ አቃተው፤ ሆዱ ቀድሞት ጭንቅላቱን በቀዳዳው ወተፈ። ወይ ጉድ! አንገቱ ተቀረቀረ፤ ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ያ ቀይ ምላሱ ተዘርግፎ ለሃጩን ያንጠባጥባል።

ዶሮዎቹ አዩት። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! «እግዜር ይማርህ!» ነቆር! «አይዞህ!» ነቆር! ነቆር!

«ኧረ አያ ቀበሮ፣ ድረስልኝ!»

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?» ብሎ ቀበሮ እብስ አለ። ጅብም ተፈናጥሮ አጥሩን ገንጥሎ፣ ጭራሮውን እንደ ድሪ አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ እያላዘነ ፈረጠጠ።

ያኔ አውራ ዶሮ አፈረ። በሩን ከፍቶ ቢሆን ማን ይተርፍ ነበር? አጥሩን በእሾህ ጠቀጠቀ፣ እንቅቡን ራሱ ደፋላት፣ ጠያቂውንም ከሩቅ «እግዜር ይማርሽ» እያስባለ መለሰ።

ሰንበት ብሎ የገብስማ ቁስል ጠገገና ወደ ግቢው ወጣች። አውራ ዶሮ ክንፉን እያራገበ «አየሽ፣ ጠያቂ ያለው አይሞትም!» አላት።

«አዎ፣ ወንድሜ» አለች ገብስማ። «የዳንኩትማ መምጣት የተዋችሁ ቀን ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ የታመመ ወዳጃችንን ከልብ የምንወድ ከሆነ፣ ለእኛ ወግ የሚያምረውን ትተን እሱን የሚያድነውን ማድረግ እንዳለብን ነው።