የእትዬ ዘይነባ መኪና

በኮምቦልቻና በደሴ ሰው ቤት ሊገዛ፣ በሬ ሊለውጥ ወይም ሠራተኛ ሊቀጥር ሲል ሽማግሌዎች የሚጠቅሱለት አንድ አባባል አለ። ብዙ ሰው ከጥንት የወረደ ይመስለዋል። እኔ ግን አባባሉ መጀመሪያ ሲነገር እዚያው ከነበረች ሴት ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ። የተወለደው በበሬ ወይም በበቅሎ ገበያ አይደለም፤ በአንዲት ግራጫ የቤት መኪና ውስጥ ነው።

ሴትየዋ እቴነሽ ትባላለች። ባሏ ይመር ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ከሁለት ልጆቻቸውና ከይመር አባት ከአባባ ተሰማ ጋር ይኖራሉ። አባባ ተሰማ በአካባቢው የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። ድንበር የተጋፋ፣ ትዳሩ የተናጋ፣ ወንድሙን ያኮረፈ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ግን ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ሲያነሷቸው ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ያ ነገር የሚፈታው አንደበታቸውም ተሳሰረ።

ሐኪሞቹ ደሴ እየተመላለሱ ፊዚዮቴራፒ እንዲሠሩ አዘዙ። ችግሩ መንገዱ ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመግባት የሐረጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው። መናኸሪያው ላይ የሚኒባሱ ረዳትና ተሳፋሪው ይረባረብና አባባ ተሰማን በብብታቸውና በእግራቸው ይዞ ያስገባቸዋል። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ክፋት አልነበረባቸውም። እሳቸው ግን ሲገቡም ሲወርዱም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዲህ ጥቂት ሳምንት ከተመላለሱ በኋላ አንድ ጠዋት ከአልጋቸው አልነሳም አሉ። ይመር ቢለምን፣ እቴነሽ ብትለምን ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ። በመጨረሻ በስንት መከራ ሁለት ቃል ወጣቸው፤ «ጆንያ... አይደለሁም።»

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ለይመር ፊት ለፊት ነገረው። «ካቋረጡ እጃቸውም እግራቸውም እንደደረቀ ይቀራል» አለው።

ባልና ሚስቱ ለቤት መሥሪያ ብለው ያስቀመጡት ገንዘብ ነበር። በዚያ ሳምንት ቤቱ ይቆይ ተባባሉና መኪና ፍለጋ ተነሱ። አራት በር ያለው፣ ሰፋ ያለ፣ አንድ የታመመ ሰው ተደላድሎ የሚቀመጥበት፣ ልጆችም የሚይዝ የቤት መኪና።

ይመር ልቡ አዲስ ላይ ነበር። «ሰው ተገልግሎበት የጠገበውን ገዝቼ አባቴን ሐረጎ ላይ ላቁመው?» ይላል። እቴነሽ ደግሞ «አዲሱንም ያገለገለውንም እንይ፤ ዓይን አይከፈልበትም» ትላለች።

መጀመሪያ ያዩት ያገለገለውን ነው። የመኪናዋ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ይባላሉ፤ ደሴ ከተማ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። በከተማው መሪ የጨበጠች ሴት ስትታይ ልጆች ቆመው በሚያዩበት ዘመን ከኮምቦልቻ ደሴ ጨርቅ ጭነው ይመላለሱ የነበሩ ሴት ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሐኪም መንዳት ከልክሏቸዋል። መኪናዋን የሚሸጡትም ለዚህ ነው።

ይመር አባቱን «መኪናዋን እርስዎ ይዩልኝ» ብሎ በስንት ልመና አስነሳና ቤተሰቡን በኮንትራት መኪና ይዞ ሄደ። እትዬ ዘይነባ ከሱቃቸው ወጥተው ሰላምታ ሰጡ፤ አባባ ተሰማን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ቁልፉን ለይመር ሳይሰጡ በእጃቸው እንደያዙ፣

«ነውሯን ልንገራችሁ» አሉ። «ቀኝ ጎኗን አንድ ጊዜ ከግንብ ጋር አጋጭቻታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግንቡ ባለበት ነበር። ፀሐይ ላይ ብታዩት የተቀባው ቀለም ይለያል። የግራ የኋላ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። ጠዋት ስትነሳ ታጉረመርማለች፤ በዚህ እንኳ እኔን ነው የምትመስል። ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ባዶዋን ስትሆን ሐረጎን እንደ ፍየል ትወጣዋለች፤ ሰው ሲሞላባት ትግላለች። ስለዚህ ባዶዋን አትሞክሯት። ሁላችሁም ግቡና ወርደን እንውጣ።»

ይመር ሚስቱን አያት። ሻጭ እንዲህ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም።

የፊቱ በር ሲከፈት ይመር አባቱን ሊደግፍ ጠጋ አለ። አባባ ተሰማ በዓይናቸው ገታ አደረጉት። በደኅናው እጃቸው የበሩን ጫፍ ያዙ፤ ጀርባቸውን ሰጡና መቀመጫው ላይ አረፍ አሉ። ከዚያ የታመመውን እግራቸውን በግራ እጃቸው አንስተው ራሳቸው አስገቡት። ማንም አልነካቸውም። እቴነሽ ይህን ጊዜ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ወደ ሱቁ አዙራ የተሰቀለ ጨርቅ የምታይ መሰለች።

ይመር እየነዳ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። እትዬ ዘይነባ ከኋላ ከእቴነሽ ጎን ተቀምጠው፣ ትንሹን ልጅ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «እዚህ ጋ ማርሽ ቀንስ፤ በፍሬን ብቻ አትውረድ» ይሉታል። ሲመለሱ ዳገቱን አጋምሰው አንድ ጠመዝማዛ ላይ እንደደረሱ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

«ይኸው፣ እንዳልኳችሁ» አሉ። «ዳር ያዝና አቁም። አታስገድዳት።»

ኮፈኑ ተከፈተ። ይመር ውሃ ሊጨምር ሲቸኩል እትዬ ዘይነባ ክንዱን ያዙት። «ቆይ፤ ትንፋሿን ትሰብስብ። ክዳኑን አሁን ብትከፍተው ፊትህን ያቃጥልሃል።» ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከታች ሸለቆው ተዘርግቷል፤ አባባ ተሰማ በመስኮቱ ያዩታል። ከአልጋቸው አልነሳም ካሉ ወዲህ የውጭ አየር ሲያገኛቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ይመር ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ባይነግሩኝ ኖሮ እገዛት ነበር እኮ» አላቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ትገዛት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እኒህን አባት ይዘህ እዚህ ስትቆም ስሜን ታነሳለህ። ስሜ ሐረጎ ላይ በክፉ እንዲነሳ አልፈልግም።»

«ይድናል ግን? ሙቀቱ?»

«መካኒኬ ራዲያተሯ ከተቀየረ ይተዋታል ይላል። እኔ ግን ያላየሁትን አልምልልህም።»

ከቆይታ በኋላ ውሃ ጨመሩላትና ቀሪውን ዳገት ያለ ችግር ወጣች። ይመር ቁርጡን መናገር ፈራ፤ እስከ ዓርብ እንዲጠብቁት ለመናቸው። እትዬ ዘይነባም «እስከ ዓርብ ያንተ ናት» አሉት።

ቤት ሲገቡ የይመር ልብ ሸፈተ። «በአፋቸው የነገሩን ይሄን ያህል ከሆነ ያልነገሩንስ?» እያለ ያሰላስል ጀመር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚስቱንና አባቱን በባጃጅ ይዞ እዚያው ኮምቦልቻ በአስፋልቱ ዳር አዳዲስ መኪና ወደሚሸጥበት ግቢ ሄደ።

ሻጩ ናሆም የሚባል ለስላሳ ወጣት ነው። አንዲት ነጭ መኪና ፊት አቆማቸው፤ መቀመጫዋ ከነፕላስቲኩ ነው፤ ታበራለች። እውነቱን ለመናገር እቴነሽም ስታያት ልቧ ደንገጥ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና አይደለችም፤ ሠርግ ናት» አለ ናሆም። «ዳገት አታውቅም። ነዳጅ ታሸተዋለች እንጂ አትጠጣም። ለልጅ ልጅ የምትተርፍ ናት።»

አባባ ተሰማን ደግፈው አስገቧቸው። ናሆም ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ እዚህ ከተቀመጡ ሕመሙም ይለቅዎታል» አላቸው። አባባ ተሰማ ቀስ ብለው ዞረው ትክ ብለው አዩት።

ይመር «ሐረጎን ወጣ ብለን እንሞክራት?» ሲል ጠየቀ።

«አዲስ መኪና ምን ይሞከራል፣ ጋሼ? ከገዟት በኋላ በየቀኑ ይወጡት የለ።»

እቴነሽ ገባችበት። «የኔ ወንድም፣ የሚያስቸግራት ነገር ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«አንድ ነገር እንኳ?»

«አንድ ነገር እንኳ የለባትም።»

«መለዋወጫዋስ የት ይገኛል?»

ናሆም ሳቀ። «የማይበላሽ ነገር መለዋወጫ ምን ያደርግለታል፣ እህቴ?»

በዚህ ጊዜ አባባ ተሰማ በግራ እጃቸው በሩን ይደበድቡ ጀመር። አወጧቸው። ምርኩዛቸውን ተቀብለው ሳይሰናበቱ ወደ ባጃጁ አመሩ።

ባጃጁ አጠገብ ባልና ሚስት ተከራከሩ። ይመር «ግራጫዋ ላይ ያለው ሁሉ ሕመም ነው፣ እዚህ ጋ ያለው አዲስ ነው፤ ምን ያስመርጣል?» አለ።

«የእሷን ሕመም አውቀነዋል፣ ይመር። የዚችን ማን ነገረን?»

«አዲስ ናት እኮ።»

«አዲስ የሆነውማ ለእኛ ነው። እትዬ ዘይነባ አባባን ይዘህ ዳገት ላይ ስትቆም ታይቷቸው ነው የተናገሩት። ይሄ ልጅ የሚታየው ከዚህ ግቢ እስክንወጣ ያለው ብቻ ነው።»

ይመር አባቱን ተመለከተ። አባባ ተሰማ በከንፈራቸው ታገሉና «ደ...ሴ» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ዘይነባ ሱቅ ሲደርሱ አንድ ደላላ እያጉረመረመ ሲወጣ አገኙት። ከወልድያ የመጣ ነጋዴ ይዞ፣ ሰውየው መኪናዋን ሳያይ ከይመር አብልጦ ይከፍላል ብሏቸው ኖሯል። እትዬ ዘይነባ ግን «ቃሌ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ እሱን ሳልመልስ ሌላ ቃል አልሰጥም» ብለው ሸኙት። ይህን የነገራቸው ጎረቤት ባለሱቅ ነው፤ እሳቸው አላነሱትም።

ውሉ ተጽፎ እማኞች ሊፈርሙ ሲሉ እትዬ ዘይነባ ብዕሩን አስቀመጡ። «አንድ የረሳሁት አለ። መጠባበቂያ ጎማዋ፣ ስኮርቱ፣ ተለጥፏል። ትናንት ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ነሳኝ።» እማኞቹ ሳቁ። ይመር ግን አልሳቀም። ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው መለሱት። «አብሽር ልጄ፤ ጎማ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አሉት።

ከዚያ ወዲህ አባባ ተሰማ አንድም ቀጠሮ አልቀረባቸውም። ራሳቸው በር ከፍተው ይገባሉ። መጀመሪያ ሰሞን መኪናዋ ስትግል ያቆማሉ፤ የት እንደምትግል፣ ምን እንደሚደረግ ያውቁታልና ማንም አይደናገጥም። ራዲያተሯ ሲቀየር እንደተባለው ተዋት። እትዬ ዘይነባ ይህን በስልክ ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ልማልልህ እችላለሁ» አሉ። ክረምቱ ሳያልፍ አባባ ተሰማ በምርኩዝ ብቻ እስከ ቤተ ክርስቲያን በር መሄድ ጀመሩ። አንደበታቸው ግን እንደከበደ ቀረ። በቀን የምትወጣቸው ቃል ጥቂት ስለሆነች መርጠው ነበር የሚያወጧት።

ያቺን ነጭ መኪና የገዛት የይመር የሥራ ባልደረባ አለባቸው ነበር። ጥቂት ጊዜ አጌጠባት። አንድ ቀን እቤቱ ደጅ እንደቆመች አልነሳም አለች። መካኒክ ምንጣፏን ቢገልጠው ከሥሩ የደረቀ ጭቃ ተገኘ፤ መኪናዋ ለገበያ ሳትቀርብ አንድ ቦታ ጎርፍ ገብቶባት ኖሯል። መለዋወጫም ጠፋላት። ናሆምን ቢፈልገው ግቢውን ለቅቋል፤ በስልክ ቢያገኘው «ስትገዛት ወደሃት አልነበር?» አለው።

አለባቸው ደሴ አንድ ደኅና መካኒክ አለ ሲባል ሰምቶ፣ አንድ ቀን ከእነ ይመር ጋር ተሳፈረ። ከኋላ ከእቴነሽ ጎን ተቀምጧል። ግራጫዋ መኪና ሐረጎን ሳትቆም እየወጣች ነው። ሰውየው ሲሳፈር የተቀባውን ቀለም፣ ከተቀመጠም በኋላ ከውስጥ የማይከፈተውን በር አይቷል።

«ይመር፣ ያቺን ነጭ መኪና ከኔ በፊት አይተሃታል አሉ» አለ። «ይቺኛዋ ነውሯ ሁሉ እየተነገረህ እንዴት አልፈራህም? እኔ ሰውየው ሲያሞግሳት ሰምቼ ነው የገዛኋት። ምን ነካኝ?»

ይመር ሰውየውን እንዳያሳዝነው ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሳም። እቴነሽም ወደ መስኮቱ ዞረች። ያን ጊዜ አባባ ተሰማ ከፊት ወንበር ላይ ሰውነታቸውን ቀስ አድርገው አዞሩ፤ ደኅናውን እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው የአለባቸውን ጉልበት ያዙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይመር የመኪናዋን ፍጥነት ቀነሰ። ነገር ሲዳኙ ዘመናቸውን ያሳለፉት ሰው ያቺን ቀን የተረፈቻቸውን ቃል እየቆራረጡ፣ ግን አንዷንም ሳይስቱ፣ «ነውሩን የነገረህ ሸጠልህ፤ ውበቱን የነገረህ ሸጠህ» አሉት።