ቴምብር ያልተለጠፈበት የሰርግ ካርቶን

በአንድ ወቅት፣ ሰርግ በሚበዛበት በጥር ወር፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ በአንድ የአረቄ ፋብሪካ ቴምብር ለጣፊ ነበረች። የኤክሳይስ ግብር መከፈሉን የሚያሳየው ያ ትንሽ ወረቀት ክዳኑ ላይ ካልተለጠፈ ጠርሙስ ከግቢ አይወጣም። በአምስት ዓመት አንድም አላመለጣትም። ያመለጣት በገዛ ሰርጓ ነው።

በዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲዳር ባለቤቱ አቶ ሞላልኝ ከዕለቱ ምርት የመጀመሪያውን ካርቶን በእጃቸው ያስረክባሉ። ልማዱን ከአባታቸው ነው የወረሱት። በሰርጓ ዋዜማ ትርንጎ እንሶስላ ሞቃ፣ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ከሚዜዋ ጋር መጣች። አቶ ሞላልኝ ካርቶኑን ከመሙያው ማሽን ሥር አንስተው «ውለዱ፣ ክበዱ!» ብለው ለሚዜዋ አሸከሟት።

በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ ድንበሩ ካርቶኑን ከፍተው አዩ። «ጌታዬ፣ ቴምብር የለውም እኮ።»

«የሚሸጥ መሰለዎት እንዴ? ስጦታ ነው፤ ይክፈቱ።»

ጋሽ ድንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሩን ከፈቱ።

ትርንጎም ባዶውን ክዳን አይታለች። ደንቡን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የቴምብሩ ጥቅል ያለው ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። እሷ ባትችል ሚዜዋን «ለጥፊልኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ግን በሰርጉ ዋዜማ ደንብ የሚታየው ማን ነው? ዝም አለች።

እንግዳ ጠጥቶ ቢሄድ ደግ ነበር። አንዱ ግን ሁለት ጠርሙስ በጋቢው ሸሽጎ ወሰደና ለግሮሰሪ ሸጠ፤ የግብር ተቆጣጣሪ ጠርሙሶቹን እዚያ አገኘ። ፋብሪካው ድረስ መጥቶ፣ «ሕጉ ስጦታ ነው ሽያጭ ነው ብሎ አይጠይቅም። ያለ ቴምብር ከበር ወጥቷል» አለና ሰማንያ ሺህ ብር ቀጣ። በአሥር ቀን ካልተከፈለ ፋብሪካው ይታሸጋል።

ትርንጎ ከጫጉላዋ ወጥታ ሥራ ስትገባ መቀመጥ አቃታት። ከማሽኑ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ማሽኑ ትመላለሳለች። የለጠፈችውን ቴምብር መልሳ መላልሳ ትነካካለች። ባሏ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ምንም» ትለዋለች፤ እንጀራዋን ሳትጨርስ ትነሳለች። ፈርታለች፤ አፍራለችም።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ሞላልኝ አርባውን ሠራተኛ ሰበሰቡ። «ከእናንተ ተድሮ ካርቶኑን ያልወሰደ የለም። እኔ በልማዳችን ለደስታ ሰጠሁ፤ ጠርሙስ አልሸጥኩም። ቅጣቱ ከፋሲካ ቦነሳችሁ ይከፈል።»

ግቢው ታወከ። የሁሉም ዓይን ትርንጎ ላይ አረፈ።

ጋሽ ድንበሩ የበሩን ቁልፍ አቶ ሞላልኝ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት። «እኔ ተናግሬያለሁ፤ ታዘዝኩና ከፈትኩ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ደሞዜን ይቁረጡና ያሰናብቱኝ። ሠራተኛው ግን ምን አደረገ?»

ትርንጎ ከጉያዋ አንድ ፖስታ አወጣች። ከሰርጓ የተሰበሰበ ሰማንያ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ ከአማቷ ቤት ወጥተው ቤት ሊከራዩበት ያስቀመጡት። ባሏ አልሰማም። «አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ፖስታውን ከቁልፉ አጠገብ አስቀምጣ።

አቶ ሞላልኝ ፖስታውንም ቁልፉንም ሳይነኩ ቆሙ። ግማሹ ሠራተኛ «ይቀበሏት!» ግማሹ «ነውር ነው!» ይላል። ክፍያው እስከ ነገ ነው።

አሁን እናንተ ፍረዱ። አንዱ ቅን ልብ ይዞ ሰጠ፣ አንዱ እያወቀ በትእዛዝ ከፈተ፣ አንዷ እያወቀች ማንም ሳያዛት ዝም አለች። ቅጣቱን መክፈል ያለበት ማን ነው?