የጎደለው ሣር

ተረት ተረት! የወፎች ቤት!

አንዲት ዓይናፋር ወፍ የሕይወቷን ታሪክ በጎጆ ልትሠራ ተነሣች፤ ላሳለፈችው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሣር እየሰካች። ሊያልቅ ሲል አንድ ሣር ጎደላት። እያፈረች አሮጊት እናቷ ዘንድ ሄደች።

«እማዬ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በዝናብ ጥለሽን የሄድሽበት ቀን ሣር እዚህ ጎጆሽ ውስጥ ነው።»

እናቷ ጎጆዋን ቁልቁል አየች። «ቀኑ ያንቺም ነው ልጄ፤ ምዘዢው። ብቻ ቀስ በይ፣ ተቀምጬበታለሁ።»

ወፏ የሣሩን ጫፍ በመንቆሯ ሳብ ስታደርገው የእናቷ ጎጆ ተንቀጠቀጠ። ለቀቀችው።

ቁራ የልጅቷን ጎጆ አይቶ፣ «እሜቴ ባለሙያ፣ ቀዳዳ ረሳሽ እኮ!» ብሎ ሳቀባት።

«አልረሳሁትም» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ዝናብ በመጣ ቁጥር ቀዳዳውን በጀርባዋ ትሸፍነዋለች።

ተረቴን መልሱ፤ ቀዳዳዋን ግን አትዳስሱ።