ጣሪያውን ያላዩት ሐጂ

ስሙን የማልጠራላችሁ አንድ የጥንት ከተማ ነበር። ቤቶቹ የድንጋይ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ጭቃ፤ ጭቃውን የሚሸከመው ከግድግዳ ግድግዳ የተጋደመ የጥድ ወራጅ ነው። በዚያ ከተማ ምስጥ የሚባል ጠላት አለ። ምስጥ ሲበላ ድምፅ የለውም፤ የእንጨቱን ሆድ ጨርሶ ቆዳውን ይተውላችኋል። ክረምት ገብቶ ጭቃው ውሃ ሲጠጣ ወራጁ ይሰበራል፤ ከነቤተሰብ ነው የሚቀብረው። አላህ ይጠብቀን!

እናም የከተማው ሰዎች ደንብ አበጁ። መርማሪ ያላየው ቤት አይሸጥም። መርማሪም ማንም ተነስቶ አይሆንም። ሦስት ዓመት ከአዋቂ ሥር ይማራል፤ ከዚያ ሦስት አንጋፋ መርማሪዎች፣ ቃዲው ባሉበትና ሕዝብ እያየ፣ ጉድለቱን እነሱ ብቻ በሚያውቁት ቤት ይፈትኑታል። ያለፈ የናስ ማኅተም አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። ከዚያ ወዲያ መሠረቱን ቆፍሮ ማየት፣ ጣሪያ ወጥቶ የወራጁን ጫፍ ሁሉ በወስፌ መውጋት ግዴታው ነው። ከሻጭ ቤት ውሃ እንኳ አይጠጣም። ሲጨርስ ደጃፍ ላይ ቆሞ «በዐይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ነክቻለሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው» ይላል። ገዥ ልጆቹን ይዞ የሚገባው ይህችን ቃል ሰምቶ ነው።

ሐጂ ቡሽራ የዚያ ከተማ የመርማሪዎች ታላቅ ነበሩ። አርባ ዓመት ማኅተም ያሰሩ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው። «ሐጂ አይተውታል» ከተባለ ነገር አለቀ፤ ሌላ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጁነይድ የሚባል ሰው ለፈተና ቀረበ። ጢሙን ያሳደገ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረው ሚስቱ ቅርጫት ሰፍታ እየሸጠች ነው። ቆፈረ፣ ወጣ፣ ወጋ፣ ወረደ። ደጃፉ ላይ ቆሞም ቃሏን ተናገረ።

አንደኛው ፈታኝ «ወራጆቹን ሁሉ ወግተሃል?» አለው።

«ሁሉንም።»

«አስራ ሁለተኛውንም?»

ጁነይድ አንገቱን ደፋ። አስራ ሁለተኛው ጫፍ ላይ ተርብ ጎጆ ሠርቶ ነበር። የተቀሩት ደህና ሲሆኑ ጊዜ ያም ደህና ነው ብሎ ዘለለው። ምስጥ የበላው ደግሞ እሱኑ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የሦስት ዓመት ልፋት በአንድ ተርብ ገደል ገባ!

ሁለቱ ፈታኞች «ሳያይ አይቻለሁ ብሏል፤ ወድቋል» አሉ። የመጨረሻው ፍርድ የሦስተኛው ፈታኝ፣ የታላቁ ነው። ቃዲ ሲራጅ ወደ ሐጂ ዞሩ።

«ሐጂ፣ ይፍረዱ።»

ሐጂ ማኅተሙን ከአንገታቸው ፈቱና ቃዲው ፊት አስቀመጡት።

«እኔ በዚህ ሰው ላይ መፍረድ አልችልም» አሉ። «ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ ዙበይዳ የምትገዛውን ቤት መረመርኩ። መሠረቱን ቆፈርኩ፣ ግድግዳውን ነካሁ። መሰላሉ ጋ ስደርስ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሻጩ ‹ሐጂ፣ ጣሪያውን አምና ነው ያደስኩት፤ ምን ያለፋዎታል?› አለኝ። የሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው፣ አመንኩት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሜ ‹አይቻለሁ› አልኩ። አላህንም ምስክር ጠራሁ።»

ሱብሓነላህ! እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ክው ብዬ ነው የቀረሁት። እዚያ የነበሩትማ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ቃዲው እንኳ የያዙት ሙስበሃ፣ መቁጠሪያው፣ ከእጃቸው ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ፣ ሐጂ ቡሽራ?

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጩኸት ተሰማ። ወይዘሮ ዙበይዳ ራሷ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው። አዲሱ ቤቷ ለፈተናው ቦታ ቅርብ ስለሆነ ከጎረቤቶቿ ጋር ልታይ ወጥታ ነበር።

«ሐጂ! አራቱ ልጆቼ እዚያ ውስጥ ናቸው እኮ! ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲዘንብባቸው ነው ያደረው! ሐጂ አይተውታል ቢሉኝ አይደል እንዴ ያስገባኋቸው!»

መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። ሐጂም ያንን ጉልበት እየጎተቱ «ልጆቹን አስቀድሙ! ልጆቹን!» እያሉ ተከተሏት። ከተማው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አራቱንም ሴት ልጆች አወጧቸው፤ ትልቋ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ነበር። ዙበይዳ አንድ በአንድ ራሳቸውን ዳበሰች፤ ከዚያ መሬት ተቀመጠች።

ቃዲው «ጁነይድ፣ ጣሪያው ላይ አንተ ውጣ» አሉ።

«ገና አሁን ወድቆ?» አሉ ፈታኞቹ።

«ለዚሁ ነው። ዛሬ ከእሱ ይልቅ ወራጅ መዝለል የሚፈራ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

ጁነይድ ወጣ። እያንዳንዱን ጫፍ እየወጋ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሐጂ ከግድግዳው ርቀው፣ ዐይናቸውን መሬት ተክለው፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አስራ አራተኛው፣ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ጁነይድ ከጣሪያው አንገቱን አወጣ።

«ሁሉንም ወግቻለሁ። ጤነኛ ነው። ሻጩ እውነቱን ነው፤ አምና ነው የታደሰው።»

የ«አላሁ አክበር» ተክቢራው ሰማይ ነካ። ሰዉ ሳቀ፣ ተቃቀፈ። ዙበይዳ እንባዋን ጠርጋ «ሐጂ፣ አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ። ማኅተማቸውን መልሱላቸው» አለች። ቃዲውም ይዘውት የመጡትን ማኅተም ዘረጉላቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ጉዳት የለም። አርባ ዓመት ያገለገለ ሰው በአንድ ቀን አይጣልም።»

ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ጣሪያ ሳልወጣ ያቆየሁትን ማኅተም ተፈትኜ፣ ወጥቼ ልውሰደው» አሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ጁነይድ ዳግመኛ ሲፈተን፣ ሐጂ ቡሽራም አብረውት ለፈተና ተሰለፉ። እሳቸው ራሳቸው ያሰለጠኗቸው ሰዎች ሊፈትኗቸው ተቀምጠዋል፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው ግን ጠፋ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው መሰላሉን ጀመሩ። ሦስተኛው እርከን ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ቀስ ብለው ወረዱና ማንም ሳይናገር «አላለፍኩም» አሉ።

ጁነይድ አለፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ እሱ ቤት ሊመረምር ሲሄድ፣ መሰላሉን ከሥር የሚይዙለት ሐጂ ቡሽራ ሆኑ።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ አይቷቸው አላስችል አለው። «ሐጂ፣ ያ ቤት እኮ ደህና ነበር! ምነው ራስዎን እንዲህ አዋረዱ?»

ሐጂ መሰላሉን ሳይለቁ መለሱ፦ «ቤቱ ደህና መሆኑ የአላህ ሲትር፣ የእሱ ሽፋን ነው። የእኔ ምስክርነት ግን ውሸት ነበር።»

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር አስቡት። እኛ ብንሆን ኖሮ «ይኸው ቤቱ አልወደቀም» ብለን ደረታችንን ነፍተን ነበር የምንሄደው። ነገሩ በደህና ካለፈ ጥፋት የለም እንላለን። ሐጂ ግን አላህ የሸፈነላቸውንና እሳቸው የሠሩትን ለይተው አዩ። ፈቃድ ማለት፣ ማኅተም ማለት፣ ሰው አንተን አምኖ ልጁን የሚያስተኛበት አማና፣ አደራ ነው። ቤቱ ቢቆምም አንተ ካላየኸው አላየኸውም፤ በቃ።

አሁን ደግሞ ለምን እንዳነሳሁት ልንገራችሁ። ከአምስት ወር በፊት የሰፈራችን መድረሳ ሲታደስ፣ የኮሚቴው ሰዎች የምንፈርምበት ወረቀት መጣ። «ሕንፃውን በአካል ተመልክተናል» ይላል። ዝናብ ነበር። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈርሞበታል፤ እሱ አይቶታል ብዬ መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ፈረምኩ። ትላንት ባለሙያውን መንገድ ላይ አገኘሁትና እንደ ቀልድ «ጣሪያው እንዴት ነበር?» ስለው፣ «እኔማ አልወጣሁም፤ እናንተ አይታችሁታል ብዬ ነው» አለኝ።

ወላሂ ደሜ ነው የቀዘቀዘው። ስልሳ ሦስት ሕፃናት ቁርኣን ይቀሩበታል!

ማታውኑ ለአስተማሪያቸው ለኡስታዙ ደውዬ ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ ከግቢው ዛፍ ሥር ሆነው እንዲማሩ ነግሬዋለሁ። ነገ ከሱብሒ ሰላት በኋላ አንድ ሌላ ባለሙያ ይወጣል፤ መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ጣሪያው ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ እባካችሁ «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» እንዳትሉኝ።